የጉዝጓዙ ነቀዝ

ብትስቁ አልቀየምም። ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን የምስር ፍሬ በምታህል ጥንዚዛ ሰበብ የወደድኳትን ልጅ ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግሞ የሚያናድደው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደማጣት እንኳ አለማወቄ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ሙሉቀን እባላለሁ። መካነ ሰላም ከተማ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ሥራዬ ብልሽት መፈለግ ነው። አንድ ስልክ ምኑ እንደተበላሸ ካላገኘሁ ምሳ አይበላልኝም፣ ሰው ሲያናግረኝ አይሰማኝም። እናቴ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሳያውቅ ከሚያድር ጦሙን ቢያድር ይመርጣል» ትላለች። እውነቷን ነው።

ደብሬን ያገኘኋትም በብልሽት ነው። ውሃ የገባበት ስልክ ይዛ መጣች። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ቀበሌ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ስልኩን በአንድ ቀን ጨርሼው ሳለ «ገና ነው፣ ነገ ተመለሽ» እያልኩ አመላለስኳት። በኋላ ገባትና «እንግዲህ ወይ ስልኩን ስጠኝ፣ ወይ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ላክሁ።

አባቷ ጋሽ ተሰማ ሽማግሌዎቼን ሁለቴ መለሱ። የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ኩራታቸውም በጎተራቸው ነው። በዚያ አገር ጥቅምት ሲመጣ ብዙ ቤት ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። የጋሽ ተሰማ ጎተራ ግን ክዳኑ በጭቃ እንደተመረገ፣ የአምናው ስንዴ ሳይነካ አዲሱን ይጠብቃል። «የእኔ ቤት አሮጌው አዲሱን ተቀብሎ ነው የሚሸኘው» ይላሉ። ሰው ሲመጣ ወንበር የሚሰጡት ፊቱን ወደ ጎተራው አድርገው ነው።

በሦስተኛው «እሺ፣ ኑ» አሉ። የቃል ማሰሪያው ቀን ተቆረጠ።

እዚህ ላይ የእኛን በኩል ልማድ ልንገራችሁ። የቃል ማሰሪያ ቀን የወንዱ ወገን ለጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ከራሱ አገር አጭዶ ይዞ ይሄዳል። የሴቲቱ ቤት ወለል ላይ ይነሰነስና ልጅቷ በባዶ እግሯ ትሄድበታለች። ከአባቷ ቤት ሳትወጣ የሚወስዳትን አገር መሬት ረገጠች ማለት ነው። አባትየው «ሰጥቻለሁ» የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

እኛ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ነን። ክረምቱን ከብት የማይገባበት፣ በዘበኛ የሚጠበቅ የወል ሣር አለን፤ ክልክል እንለዋለን። ከመስቀል በኋላ ሲከፈት ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አባቴና እኔ ማልደን ጤዛው ሳይረግፍ አጨድን፤ በባጃጅ ጭነን ሄድን። ሣሩ በግራም በቀኝም ተንጠልጥሎ ባጃጁ ራሱ አይታይም ነበር። መንገደኛው «ኧረ ሣር በእግሩ ይሄዳል!» እያለ ሲስቅብን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ምን ልሁን?

ሽማግሌዎቻችን ሁለት ናቸው። አንዱ ቄስ ገብሬ፣ የሰፈራችን ቄስ። ሁለተኛው ሼህ ሰይድ፣ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤቴ። የእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሠርግና እርቅ ያለ ሁለቱም አይሆንም።

ሣሩ ተጎዘጎዘ። ቤቱ በሣሩ ሽታ ታወደ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኔ በልማዱ መሠረት በር አጠገብ ቆምኩ። ደብሬ ከጓዳ ወጥታ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ሄደች፤ ስታልፍ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ጋሽ ተሰማ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኔ ልጄን...» አሉና ቆሙ።

ዓይናቸው ጎተራው ላይ ነው። ሁላችንም ዞረን አየን። ግራጫ የሆኑ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ከሣሩ እየወጡ በጎተራው ጭቃ ላይ ሽቅብ ይሄዳሉ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም ነበር። ብዙ ናቸው፤ የሚሄዱትም ሁሉም ወደ ላይ ነው።

ጋሽ ተሰማ አንዱን ያዙት። ጥንዚዛው እግሩን ሰብስቦ መዳፋቸው ላይ ድርቅ አለ። ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡትና ትኩር ብለው አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አፉን አያችሁት? ቀንድ የመሰለ አፍ ነው ያለው። ይሄ ነቀዝ ነው!»

ቤቱ ተንጫጫ። ደብሬ እናቷ ጎን ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አባቴ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ጋሽ ተሰማ! ነቀዝ ሣር ላይ ምን ይሠራል?» አለ።

«እኔም የምጠይቀው እሱን ነው! ነቀዝ የእህል ነው። ሣር ውስጥ የከተተው ሰው ነው እንጂ ራሱ አይገባም።»

«ማን ይከታል? ጠዋት በእጃችን ያጨድነው ነው!»

«ታዲያ ወዴት እየወጣ ነው? አታይም? ወደ እህሌ!»

እውነትም ወደ ጎተራው ነው የሚሄዱት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬ ጋለ። ያ አፍ፣ ያ ረጅም የተቆለመመ አፍ፣ እናቴ ስንዴ ስታበጥር ከማየው ነቀዝ አፍ ጋር አንድ ነው። ግን ቀለሙ ሌላ፣ መጠኑም ሌላ ነው። ነው አይደለም? እኔ እንጃ።

ጋሽ ተሰማ «ቃሌን አጠፍኩ አላልኩም፤ ግን አልሰጠሁም። በሰው ጎተራ ላይ ነቀዝ የሚያራግፍ ቤት ልጄን አላስገባም» አሉና ሴቶቹን አዘዙ። ሣሩ እየታፈሰ ከአጥር ውጭ ተጣለ። ደብሬ የረገጠችው ሣር! አባቴ አንገቱን ደፋ። የእኛ ሣር ከሰው ቤት ሲጣል ያየነው ያኔ ነው፤ አይድረስባችሁ።

ሁሉም ሊወጣ ሲነሣ ሼህ ሰይድ ከመቀመጫቸው ሳይነቃነቁ «ቁጭ በሉ» አሉ። «ሳይጣራ አይፈረድም። ሰው ተከሰሰ ስንል ጠይቀን ነው የምንፈርድ። ይቺም ትጠየቅ።»

«ማ?» አሉ ቄስ ገብሬ።

«ጥንዚዛዋ ናት እንጂ! ነቀዝ ከሆነች እህል ትበላለች። ካልሆነች አትበላም። እህል እንስጣትና እንያት።»

ሰው ሳቀ። ሼህ ሰይድ ግን አልሳቁም። ትንሽ ቆይቶ ሳቁም ቆመ፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረማ። የማርማላታ ጠርሙስ መጣ። አባቴ ከመንገድ በላይ ካለ ቤት ስንዴ ልለምን ሲል ጋሽ ተሰማ ተቆጡ።

«የሌላ ሰው እህል አላምንም! ከራሴ ነው።»

በርጩማ ላይ ወጥተው የጎተራውን ክዳን ምርጊት በማጭድ ፈልቅቀው ከላይ አንድ ጣሳ ስንዴ ቀዱ። ለሁላችንም አሳዩን። ፍሬው ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል። «አያችሁ? ነጥብ የለበትም» አሉ። ጠርሙሱን ሞሉት፤ ግራጫዎቹን ጥንዚዛዎች እየለቀሙ ከላይ ጨመሩ። ቄስ ገብሬ አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍነው በክር አሰሩት፤ ቋጠሮው ላይ ሰም አንጠባጠቡበት። ጠርሙሱ ሼህ ሰይድ ሱቅ እንዲቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ሌላው ቅዳሜ ሁላችንም እዚያው ቤት ልንገናኝ። ስንዴው ከተበላ ነገሩ ቀረ። ካልተበላ ጋሽ ተሰማ «ሰጥቻለሁ» ይላሉ።

ስወጣ ደብሬ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝ። «ሙሌ፣ ምንድን ነው ያመጣህብኝ?» አለችኝ።

«ወላሂ አላውቅም» አልኳት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ውስጥ ሲጨንቅህ የሚወጣው እሱ ነው።

ከአጥር ውጭ ከተጣለው ሣር ጥቂት ጥንዚዛዎች ለቅሜ በሶፍት ጠቅልዬ ወሰድኩ። ሰኞ ሱቄን ከፍቼ የመጀመሪያ ሥራዬ አንዱን የስልክ ቦርድ በማይበት ማጉያ ስር ማድረግ ነበር። መጀመሪያ ሞቶ ነበር። እግሩን አጥፎ፣ በጀርባው ተንጋሎ። «ወይኔ ሞተብኝ» ብዬ ዞር ስል ተነሥቶ ሄደ። ነካ ሳደርገው ደግሞ ሞተ። አስመሳይ! መላ አካሉ በግራጫ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። አፉ ረጅም ነው፤ አንቴናው ደግሞ የወጣው ከራሱ ሳይሆን ከአፉ መሐል ነው፣ እንደ ክንድም ይታጠፋል። አንድ የሣር ቅጠል ሰጠሁት፤ ጫፉን ይዞ ጠርዙን እየቆረጠ ይበላ ጀመር። ደስ አለኝ። «ይኸው ሣር በላ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ ደስታዬ ጠፋ። ሣር ከበላ ስንዴስ? ስንዴስ ሣር አይደል?

ስልክ ሊያሠራ የሚመጣ የግብርና ባለሙያ ደንበኛ አለኝ። ደውዬ ጠራሁት። ማጉያው ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«ከነቀዝ ወገን ነው» አለኝ።

«ጉዴ ፈላ!»

«ቆይ እንጂ። እንዲህ አፋቸው የረዘመ ሁሉ የነቀዝ ወገን ናቸው። ዓይነታቸው ለጉድ ነው። ዛፍ የሚበላ አለ፣ ሥር የሚበላ አለ፣ ሣር ላይ ኖሮ ሣር ላይ የሚሞት አለ።»

«እና ይሄ የትኛው ነው?»

«የሣሩ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ብለህ ሚስት ትሰጠኛለህ? ስንዴ ይበላል አይበላም?»

«እውነቱን ልንገርህ? ይሄን ዓይነት አላውቀውም። አይበላም ልበልህና ቢበላስ?»

ሰውየው ሐቀኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሐቀኝነቱ አናደደኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። በሺህ የሚቆጠር አፈ ረጅም ጥንዚዛ ሥዕል ወጣልኝ፤ ሁሉም የእኔን ይመስላል፣ ሁሉም አይመስልም። ዘግቼው ወደ ሼህ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ።

ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነው፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ። «ለሁሉም ይታይ ብዬ ነው» አሉኝ ሼሁ። «እይ፣ አትንካ።» ስንዴው ሙሉ ነው። ጥንዚዛዎቹ እህሉን ትተው ነጠላው ላይ ተለጥፈዋል፣ መውጫ እየፈለጉ። ለደብሬ ደወልኩ። «ዞር ብለውም አላዩት!» አልኳት። ሳቀች። ማክሰኞም እንደዚያው። እኔ እንኳ የሠርግ ሱፍ ዋጋ መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

ረቡዕ ጠርሙሱ ግርጌ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ።

ዓይኔን ጠረግሁ። አለ። ጠጋ ስል አንዷ ፍሬ ተበስታለች፤ በመርፌ የተወጋች ይመስል ክብ ቀዳዳ። ሌላም አለች። ሌላም።

«ሼህ ሰይድ፣ ማን ነካው?»

ሼሁ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ምን አልክ?»

«ማለቴ... ሰው ገብቶ...»

«ቋጠሮውን እይ። ሰሙን እይ። እኔ ያስቀመጥኩትን አማና፣ የሰው አደራ፣ ማንም አይነካውም። በድለኸኛል፣ ግን ጨንቆሃልና አውፍ ብዬሃለሁ።»

አፈርኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን አያዩም? ጥንዚዛዎቹ ከላይ ነጠላው ላይ ናቸው! መቼ ወርደው በሉት?»

«እኔም ስጠብቅ ነው የዋልኩት። አንዱም አልወረደም።»

«ታዲያ ማን በላው?»

«እኔን ትጠይቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሽር ልጄ። ያልገባንን አላህ ያውቀዋል» አሉ።

አልተጽናናሁም። ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። የአንዱን ደንበኛ ስክሪን ለሌላው ገጠምኩ። በየሰዓቱ እየተነሣሁ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ቀዳዳው ይጨምራል፤ ግራጫዎቹ ግን አይነቃነቁም፣ ግማሾቹ ጭራሽ ሞተዋል። እንደ ስልክ ብልሽት አሰብኩት። ኃይል ከየት ገባ? በየት ወጣ? አልሆነም። የማይበላ በላተኛ፣ የሚበላ እህል፣ የማይከፈት ቋጠሮ። የምላችሁ እብደት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ፍም ሆናለች። ማጉያዬን ጠርሙሱ ላይ ደግፌ አንዲት የተበሳች ፍሬ ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ቀዳዳዋ ተንቀሳቀሰች። ከውስጥ ቡናማ አፍ ብቅ አለ። ከዚያ ራስ፤ ከዚያ ሁለት እግር። ጥቁር ቡናማ፣ ከግራጫው በብዙ የምታንስ ነቀዝ ከስንዴዋ ውስጥ ታግላ ወጣችና ሄደች።

ወደ ውስጥ አልገባችም። ከውስጥ ነው የወጣችው!

«ሼህ ሰይድ! እህሉ ነቀዝ ወለደ!»

ባለሙያውን ደወልኩለት። «ግራጫዎቹ ወልደው ይሆን?» አልኩት።

«በሳምንት? ሞኝ አትሁን። የስንዴ ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ውስጥ ደብቆ ይደፍነዋል፣ ውጪው ሙሉ ነው የሚመስለው። ትሉ እዚያው ውስጥ አድጎ እስኪወጣ ከወር በላይ ይፈጃል፤ ብርድ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። ሙቀት ሲያገኝ ይፈላል። ያ እህል ጠርሙሱ ውስጥ ሳይገባ የተያዘ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ሼህ ሰይድን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም ስንዴው ከየት ጎተራ እንደተቀዳ እናውቃለን።

መጀመሪያ ልዘል ነበር። ነጻ ወጣሁ! ቀጥሎ ግን ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ነገ ጉባኤ መሐል ቆሜ ምን ልል ነው? «ጋሽ ተሰማ፣ ነቀዙ የእርስዎ ነው። የሚኮሩበት ጎተራ ተበልቷል» ልል? በጎተራው የከበረን ሰው በጎተራው ላዋርደው?

ለደብሬ ደውዬ ነገርኳት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«በዓይኔ አየሁት። ነገ ልናገር?»

«ሙሌ፣ አባቴን ታውቀዋለህ። በሰው ፊት እንዲህ ከተባለ ከቤት አይወጣም።»

«ዝም ብል አንቺን አጣለሁ።»

«ብትናገርም ታጣኛለህ። አባቴን ያዋረደ ሰው እንዴት አገባለሁ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለችና ዘጋችው።

ሼህ ሰይድን ለመንኳቸው። «እርስዎ ይንገሯቸው፣ ብቻቸውን።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ አማና ጠባቂ ነኝ፤ ሳይከፈት ካወራሁ አማናውን በላሁ። አንተ ግን አደራ አልተቀበልክም። ልብህ ያለህን አድርግ።»

ልቤ ምንም አላለኝም።

ቅዳሜ ያው ቤት ገባን። ወለሉ ባዶ አፈር ነው። ጋሽ ተሰማ ከጎተራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሼህ ሰይድ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ቄስ ገብሬ ሰሙንና ቋጠሮውን ለሁሉም አሳይተው ፈቱት፣ ስንዴውን ሰፌድ ላይ ገለበጡት።

ዱቄት ቦነነ። የተበሳው ፍሬ ከደህናው በለጠ። ቡናማዎቹ ነቀዞች በሰፌዱ ላይ ተበተኑ።

«በልቶታል!» አለ የደብሬ አጎት። «ይኸው! ያስረገጣችሁን ነቀዝ ነው!»

ሰው ሁሉ ተነሣ። አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ቄስ ገብሬ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ሙሉቀን፣ ከመፈረዱ በፊት የምትለው አለህ?»

ምላሴ ላይ ነበር። እውነቱ ሙሉ፣ ትኩስ ሆኖ ምላሴ ላይ ነበር። ደብሬ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አላየችኝም፤ የምታየው አባቷን ነው። እጇ የበሩን መቃን ጨብጧል።

«የለኝም አባ» አልኩ።

ሼህ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴ በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ተናገር እንጂ!» ብሎ አንሾካሾከ። ምን እንደምናገር እንኳ አያውቅም፤ አልነገርኩትም ነበር። ትክክል ልሥራ፣ ጅልነት ልሥራ አላውቅም።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ፍርዱን ሊናገሩ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ሰፌዱ ላይ አጎነበሱ። አንድ ያልተበሳ ፍሬ አንሥተው በጥፍራቸው ለሁለት ሰነጠቁት። ውስጡ ነጭ ትል አለ። ሌላ ሰነጠቁ፤ ትል። ነጠላው ላይ የደረቁትን ግራጫዎች አዩ፣ ሰፌዱ ላይ የሚሮጡትን ቡናማዎች አዩ። ከዚያ በርጩማው ላይ ወጡ፣ የጎተራውን ክዳን አነሡ፣ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ድረስ ስንዴው ውስጥ ሰደዱ።

እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከላይ የነበረው አንድ ጣሳ እህል ደህና ይመስል እንደነበር አስታወስኩ፤ ከታች ያለውን ግን ከተመረገ ወዲህ ማንም አልነካውም።

እጃቸውን ሲያወጡ ዱቄት ሆኗል። እጃቸው ላይ ነቀዞች ይሄዳሉ።

«ይሞቃል» አሉ ቀስ ብለው። «ውስጡ እንደ በሽተኛ ሰውነት ይሞቃል።»

ከበርጩማው ወርደው ፊታችን ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ የልጁ ሣር ንጹሕ ነው። ነቀዙ የቤቴ ነው። ለካ ስኮራ የኖርኩት በነቀዝ ቀለብ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ መጡ፣ ዓይን ለዓይን ገጠሙኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ምኑን ጋሼ?»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ዱቄቱና ነቀዙ እንዳለ የለበስኩት ኮት ላይ ቀረ። «ጥሩ» አሉ። ወደ ሴቶቹ ዞረው «ከአጥር ውጭ የጣላችሁትን ሣር መልሱት!» ብለው ጮኹ።

«ደርቋል እኮ ጋሼ» አለች አንዷ።

«ይድረቅ! ሣር ሣር ነው!»

ደረቁ ሣር ተነሰነሰ። ደብሬ እንደገና በባዶ እግሯ ሄደችበት፣ እየቆረቆራት፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። ጋሽ ተሰማም «ሰጥቻለሁ» አሉ። ቄስ ገብሬ «ያጽናልን» ሲሉ ሼህ ሰይድ «አሚን» አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የዚያን ዕለት ድግስ አልተበላም። ኮታችንን አውልቀን የሁለቱም ወገን ሰው ጎተራውን ገለበጠ። ሸራ ተዘርግቶ ስንዴው ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ተበጠረ፤ ለሰው የሚሆነው ለብቻ፣ ለዶሮ የሚሆነው ለብቻ ተለየ። ብዙው ጠፍቷል። ጎተራው ግን ተጠረገ፣ በአዲስ ጭቃ ተለሰነ። የደብሬ እናት ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «አዲሱን ልንጨምርበት እኮ ነበር! በላዩ ላይ ልንገለብጠው!» ያ ግራጫ ጥንዚዛ ጎተራው ላይ ባይወጣ የዓመቱ ቀለብ በሙሉ አብሮ ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ይህ ነገር ካለፈ ወዲህ አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀርቷል። ጋሽ ተሰማ ያን ፍሬ ለምን ሰነጠቁት? በራሳቸው ነው ወይስ ደብሬ ዓርብ ማታ ነግራቸው ነበር? ደብሬን ስጠይቃት ትስቃለች። «አንተ ደግሞ ብልሽቱን ካላገኘህ እንቅልፍ የለህም» ትለኛለች እንጂ አትመልስም። እሳቸውን ደግሞ እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ነግራቸው ከሆነ፣ ዝምታዬን ሲፈትኑት ነበር ማለት ነው። ካልነገረቻቸው ደግሞ ከማንኛችንም የበለጡ ደፋር ሰው ናቸው። የቱ እንደሆነ አላውቅም። አለማወቄን ለምጄው መኖር ግን ተምሬያለሁ፤ ድሮ ይህን የሚችል ሰው አልነበርኩም። ደንበኛ ስልክ ይዞ ሲመጣም «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ከማለቴ በፊት አሁን ትንሽ እቆያለሁ። ምናልባት ከኔ በፊት የነበረ ነገር ይኖራል። እናንተም በሰው ጎተራ ላይ ነቀዝ ስታዩ፣ ከየት እንደመጣ ከመጮህ በፊት አንዲት ፍሬ ሰንጥቁ።

የጥንዚዛውንም ስም እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። በየዓመቱ ክልክሉ ሲከፈት ለጋሽ ተሰማ ቤት እርጥብ ሣር እወስዳለሁ፤ ልማድ አድርገነዋል። አምና ስንጎዘጉዝ አንድ ግራጫ ከሣሩ ወጥቶ እንደልማዱ ጎተራው ላይ ሽቅብ ጀመረ። ትንሿ ልጃችን አይታው ጫማዋን አውልቃ ልትመታው ሮጠች። ጋሽ ተሰማ እጇን ቀልበው ያዟት።

«ተዪው ልጄ» አሏት። «እናትሽን የዳረልኝ እሱ ነው።»